ሃስን ለማን እንዳር?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ግቢ ግቢ ለመባል አራት ነገር ያስፈልገዋል፦ አጥር፣ የብረት በር፣ ውሻና አቮካዶ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ቤቱ ኮርኒስ ባይኖረው፣ ወለሉ ሊሾ እንደሆነ ቢቀር፣ መስኮቱ በመስታወት ፈንታ ማዳበሪያ ቢወጠርበት የሚጠይቅ የለም። ሁሉም በዚያው መንገድ ያለፈ ነውና ያዝናል እንጂ አይጠይቅም። አቮካዶው ግን ይጠየቃል። ዱሮ ጥያቄው «ተከላችሁ ወይ?» ነበር። አሁን የሰፈሩ ሰው ነቅቷል። «ዝርያው ምንድን ነው?» ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አይታገሥም።

የጥያቄው ቃና ለልጃቸው ሚስት ሊያጩ የተነሡ አባት ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሚያሰሙት ዓይነት ነው። ከየት መጣ? እናቱን የሚያውቃት አለ? በዘሩ በሽታ አለበት ወይ? ባለቤቱ «ሃስ ነው» ካለ የጠያቂው ፊት ይፈካል። «ፉዌርቴ» ካለ «እ...ሱም አይከፋም» ይባላል። «እኔ እንጃ፣ ከጁስ ቤት ያመጣሁትን ነው የቀበርኩት» ካለ ግን ጨዋታው ባንዴ ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ይዞራል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አበው። ለሰው ይሁን ለፈረስ ተብሎ ሊሆን ይችላል፤ አቮካዶ ግን ተረቱን አልሰማም። ጣፋጭ አቮካዶ በልታችሁ ዘሩን ብትቀብሩት የሚበቅለው እናቱን የመምሰል ግዴታ የለበትም። አንዱ ውኃ ውኃ ይላል፣ አንዱ ክር ክር ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከሚበላው የሚጣለው ይበልጣል። አበባው ላይ የሚያርፈውን ብናኝ ንብ ከየጓሮው ሰብስባ ነው የምታመጣው፤ ንብ ደግሞ ሰባት ቤት አትቆጥርም። ለዚህ ነው የታወቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከዘር በበቀለ ሌላ ችግኝ ላይ የሚገጠመው። የሰፈሩ ሰው «የተዳቀለ» የሚለው ይህን ነው። ከላይ ያለው ስሙ የሚጠራው ነው፤ ከታች ያለው የሚሸከመው ነው፤ ስሙን የሚጠይቅለትም የለም።

የተዳቀለው ሌላም ጥቅም አለው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ እስኪሰጥ ከ6 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ይጀምራል። ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ነገርኳቸው፤ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ናቸው። እንደ ልማዳቸው ወረቀት አወጡ። ዕድሜያቸውን ከላይ፣ 10ን ከታች ጽፈው ደመሩ። ድምሩን አላሳዩኝም። «የተዳቀለውን አምጡልኝ» አሉ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የዝርያ ጨዋታ የባለካርታ ጨዋታ ነው። ተከራይ ጎመን ይተክላል፣ ቢበዛ ቃሪያ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ተከራይ ልጅ ስለ አቮካዶ ሲወራ ዝም ብሎ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ሃስ በ3 ዓመት ነው የሚያፈራው፤ የእኔ አከራይ በየ6 ወሩ ነው» አለን። መልስ የሰጠው የለም። ካርታ ያለውም ቢሆን አንድ ቀን መንገድ ይመጣብኛል ብሎ መስጋቱ አልቀረም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቋሚ ተክልን ካሳ ከሚታሰብላቸው ነገሮች ጋር ቆጥሮታል። ይህን ከልጃቸው የሰሙ አንዲት እናት በአጥራቸው ዙሪያ ያልተከሉት የለም። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ «ቢያፈራ ይበላል፤ ባያፈራ ይቆጠራል» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ የግብርና ፖሊሲ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሃስ። ሰው ሁሉ ዘሩን እየጠራ የሚኮራበት ይህ ዛፍ፣ እስቲ በጨዋ ደንብ ይጠየቅ ቢባል፣ ሰባት ቤት ቀርቶ አንድ ቤት አይቆጥርም። ሩዶልፍ ሃስ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የገዛውን ዘር ቦታው ላይ ተከለ፤ ሐሳቡ ሲበቅል ፉዌርቴን ሊያዳቅልበት ነበር። ማለትም ሃስ ተሸካሚ እንዲሆን ነበር የታሰበው። አንዷ ችግኝ ላይ የተገጠመው ሁሉ እምቢ አለ። ሊቆርጣት ሲል ተዋት ተባለና ተዋት። ስታፈራ ልጆቹ ቀምሰው ከፉዌርቴው ይልቅ የእሷን ወደዱ። ፖስተኛው እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠራ መብት አስመዘገበባት፤ ከዚያ መብት ዕድሜውን ሙሉ ያገኘው ግን ወደ 5000 ዶላር ብቻ ነው። ሰዎች አንዷን ችግኝ በሕጋዊ መንገድ ገዝተው ሌላውን ራሳቸው እያዳቀሉ አባዙታ! ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ ይመስለን ነበር። እሱ ደብዳቤ ማደሉን ቀጠለ። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚዞረው አቮካዶ አብዛኛው ሃስ ነው። አባቷ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ በስም የሚጠራው የለም። እኛ ሰፈር ብትመጣ ኖሮ ወሬው ወደ ሲሚንቶ ይዞርባት ነበር።

ሃስ ሲበስል ይጠቁራል። ይህን ያልተነገራቸው ሰዎች የመጀመሪያ ምርታቸውን «ተበላሸ» ብለው ለጎረቤት የሰጡ አውቃለሁ። ጎረቤትየው ምንም አላለም።

ዝርያ ከተጠየቀ በኋላ የሚመጣው የጋብቻው ጉዳይ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ ሴት ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ወንድ ሆኖ። ባለሙያዎች ኤ እና ቢ ብለው ይከፍሏቸዋል። ሃስ ኤ ነው፤ አበባው ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይመለሳል። ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ቤከን ቢ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግሥቱ ጠዋት ወንድ። ስለዚህ ጠዋት የሃስ ሴት ስትነሣ የፉዌርቴው ወንድ ይነሣል፤ ከሰዓት ደግሞ ተራው ይለወጣል። አቃቂ የፋብሪካ አገር ነው፤ ባል ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ ሚስት ለጠዋቱ ፈረቃ ስትወጣ የኖረበት ሰፈር ስለሆነ የሃስን ብቸኝነት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እርግጥ ብቻውን የቆመ ሃስም ጨርሶ አይመክንም፤ ብርድ ሲሆን የአበባው ሰዓት ስለሚዛባ ወንድና ሴቱ አልፎ አልፎ ይገናኛሉ። ተጓዳኝ ሲኖረው ግን ፍሬው ይበረክታል።

እንግዲህ የእኛ ቦታ ጠባብ ነው። አንድ ግቢ ሁለት አቮካዶ ከያዘ መኪና ማቆሚያው የት ሊሄድ ነው? አንዱ ሃስ፣ ጎረቤቱ ፉዌርቴ ቢተክሉ ንቧ አጥር ስለማያግዳት ለሁለቱም ይበቃል። የከተማ ግብርና ባለሙያዋ ይህን ሐሳብ ይዛ መጣችና ከዕድር ስብሰባ በኋላ ተነጋገርንበት። «ማን ኤ ይተክላል?» ስትል እጅ ሁሉ ወጣ። «ማን ቢ ይተክላል?» ስትል የሁሉም እጅ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ።

«ለምንድን ነው የእኔ ቢ የሚሆነው?» አሉ ጡረተኛው ሒሳብ ሹም።

«ጋሼ፣ ደረጃ አይደለም እኮ። መጠሪያ ነው።»

«ልጄ፣ 35 ዓመት ፋይል ሳስቀምጥ ኤ ፊት ነው የሚቆመው።»

ልጅቷ ተስፋ አልቆረጠችም። ፉዌርቴ እ.ኤ.አ. በ1911 ከሜክሲኮ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደ መሆኑን፣ በ1913 ከባድ ውርጭ ወርዶ ሌላው ሲጠበስ እሱ መትረፉን፣ ስሙም ከዚያ የወጣለት «ብርቱ» ለማለት መሆኑን አስረዳች። የእኛም ሰፈር ሜዳ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ፉዌርቴ ደግሞ ብርድን ከሃስ ይልቅ ይችላል። ሒሳብ ሹሙ «ብርቱ» የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ። «እሱን ለእኔ ጻፊው» አሉ። አሁን ሃስ የተከሉት ሰዎች የዛፋቸው ቅጠል ጥር ላይ ሲጠወልግ፣ ሒሳብ ሹሙ በአጥራቸው አሻግረው እያዩ፣ «ደኅና አደራችሁ? ብርዱ እንዴት ነው?» ይላሉ።

ዝርያው ተመረጠ፣ ተጓዳኙ ተገኘ፣ ቀኑ ተቆረጠ እንበል። ፈቃዱ ያልተጠየቀ አንድ ወገን ቀርቷል፤ አፈሩ። በእኔ አስተያየት አቃቂ ላይ ከሃስም ከፉዌርቴም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነው።

የአቃቂ አፈር ዋልካ ነው፤ መረሬ የሚለው አለ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ ይሉታል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። አንድ እግራችሁን ስትነቅሉ የሌላውን ጫማ ያስቀራል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቁልፍ ይውጣል፣ ሳንቲም ይውጣል፣ የልጆች ብይ ይውጣል። በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ግንብ ይሰነጥቃል፤ ሰፈራችን ውስጥ ያልተሰነጠቀ አጥር የምታገኙት ገና ባልታጠረ ግቢ ነው። በበጋ አጠጣዋለሁ እንዳትሉ ደግሞ ቧንቧው በፈረቃ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ከእግራችን ሥር እየወጣ ወደ መሃል ከተማ ያልፋል፤ እኛ ጀሪካን ይዘን እንሸኘዋለን።

የአካባቢው ገበሬ ይህን አፈር ጠባዩን አጥንቶ ነው የኖረበት። ጤፉን ክረምቱ ከገፋ በኋላ ይዘራል፤ ጤፍ ውኃ የተኛበትን መሬት ከብዙ እህል ይልቅ ይችላልና። ሽምብራውን ዝናቡ ሲወጣ ይዘራል፤ አፈሩ ቋጥሮ ባቆየው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም ዋልካ ላይ የሚዘራን ስንዴ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ሰፋና ከፍ አድርጎ በመሃሉ ቦይ የማውጣትን ዘዴ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። አቮካዶ ተካዩ የከተማ ሰው ግን ከገበሬውም ከምርምሩም ሳይጠይቅ ጉድጓድ ይቆፍራል።

የአቮካዶ ሥር አብዛኛው ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር አይወርድም፤ አየር ይፈልጋል። ውኃ የተኛበት አፈር ውስጥ ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስባሽ ይነሣበታል። መጀመሪያ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይገረጣል፤ ከዚያ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ባለቤቱም የጠማው ይመስለዋልና ውኃ ይጨምርለታል። የፖስተኛው የሩዶልፍ ሃስ እናት ዛፍ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተችው በዚሁ በሥር መበስበስ ነው፤ የሰው ያህል ዕድሜ ኖራ፣ ሐኪም ቤቷ ድረስ እየተመላለሰላት። ካሊፎርኒያ ውስጥ እሷን የጣላት በሽታ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለልጅ ልጇ ይራራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ሰው ደግሞ ደግ የሠራ እየመሰለው ይበድላል። 60 በ60 ጉድጓድ ቆፍሮ በገልባጭ የመጣ ቀይ አፈርና ፍግ ይሞላበታል። ዙሪያው ዋልካ ስለሆነ የክረምቱ ውኃ ሁሉ ወደ ለስላሳው አፈር ይገባና መውጫ ያጣል። ችግኙ ሐምሌንና ነሐሴን ኩሬ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ኩሬው ይጠልቃል።

መፍትሔው ወደ ላይ ነው። ቀዩን አፈርና ፍጉን ከዋልካው ጋር ደባልቃችሁ ከጉልበት የማያንስ ከፍታ፣ ከባለሁለት አልጋ የማይጠብ ስፋት ያለው ጉብታ ሥሩ፤ ችግኙን ከጉብታው አናት ላይ ትከሉ፤ የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ ይቅር። ዙሪያውን ቦይ አውጡ። ቦዩ ወደ ጎረቤት እንዳይዞር፤ በዚህ ምክንያት የተነሣ ጠብ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አይቻለሁ፤ ፍርዱም ያው ዋልካ ውስጥ እንደገባ ጫማ ሆነ፣ ሁለቱም ወገን ጥሎት ሄደ። ተከላውን ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረም ላይ ብታደርጉት ችግኙ የመጀመሪያ ዓመቱን በድርቀት እንጂ በመስጠም አይጀምርም፤ ድርቀትን በጀሪካን መርዳት ይቻላል።

ጉብታ መሥራት የሰለቸው ሰው ዘይቱን ይትከል። ዘይቱን ከባድ አፈርንም የተኛ ውኃንም ከአቮካዶ በተሻለ ይታገሣል። ሮማንም ለአፈር ያን ያህል አይመርጥም። ግን ማን ይሰማል? ዘይቱን የተከለ ሰው ለቡና ሲጠራ ዝርያው አይጠየቅም፤ ስሙ የማይጠየቅ ነገር ደግሞ የሰፈራችን ሰው አይተክልም። ከዚህ የሚያመልጠው ጤና አዳም ብቻ ነው፤ በየግቢው ጥግ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ቡናውን ያሸታል፣ የልጁን ሆድ ቁርጠት ያስታግሣል፤ ዘሩን የጠየቀለት አንድ ሰው አላየሁም።

አፕል የሚተክሉም አሉ። የጨንቻን አፕል የቀመሰ ሰው ይህ ሐሳብ ሲመጣበት አይፈረድበትም። ጨንቻ ግን ደጋ ነው፤ አፕሉንም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚሲዮናውያን ካስገቡት ወዲህ ሕዝቡ ጠባዩን ተምሮታል። አፕል እንቅልፍ የሚወስደው በብርድ ነው፤ ብርድ ካላገኘ አበባው ይቃወሳል። ለሞቃት አገር የሚሻሉት ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው ናቸው፤ ከእስራኤል የመጣችው አና እና ባሃማስ ላይ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን። እነሱም መጋባት አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ከሆነ ካበበው ብዙው ይረግፋል። ብርድ በሌለበት አገር ደግሞ፣ ለምሳሌ በኢንዶኔዥያ ጃቫ ተራሮች፣ ገበሬው ምርት ከለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጁ ይመለምለዋል፤ ዛፉ የብርድ ወራት ያለፈበት መስሎት እንደገና ያብባል። ሳሎ ጎራ ላይ አንድ ሰው ይህን ሰምቶ አፕሉን ቅጠል በቅጠል ሲገፍ ሚስቱ አየችው። ምንም አላለችውም፤ ወንድሟን ጠራች።

ቡና ላይ ስንደርስ ስም የለም፣ ቁጥር ነው። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲታይ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች በሽታው መካከል ቆመው ያልታመሙ እናት ዛፎችን ጫካ ለጫካ ፈለጉ። ከኢሉባቦር ተመርጠው ዛሬም ድረስ በብዛት የሚተከሉት 74110 እና 74112 የዚያ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው፤ ፊት ያለው 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። በሽታው ቀዝቃዛና ዝናባማ ከፍታ ስለሚወድ እንደ እኛ ላለ 2000 ሜትርን ላለፈ ሰፈር፣ በግንብ ጥግ ሁለት እግር ቡና ለምትተክል እናት፣ የሚቋቋም ዝርያ መምረጡ ቅንጦት አይደለም። አንዷ እናት ባለሙያዋ «74110 ነው» ስትላቸው ጽፈው ያዙና «ከፊቱ 09 የለውም?» አሏት።

ብርቱካንስ? ብርቱካን ላይ የሚደርሰው የተሸካሚው በቀል ነው። የብርቱካን ችግኝ ብዙ ጊዜ ከታች ኮምጣጣ ብርቱካን፣ ከላይ ቫሌንሲያ ወይም ሌላ ጣፋጭ ዝርያ ነው። ከመጋጠሚያው በታች ቡቃያ ሲወጣ ካልተቆረጠ እሾሃማው ተሸካሚ ቀስ ብሎ ከላይ ያለውን ያፍነውና ግቢውን ይወርሳል። ባለቤቱ ዛፉ በመበርታቱ ተደስቶ ይጠብቃል። ዛፉ ያፈራል፤ ፍሬው ሲቀመስ ዓይን ይጨፍናል። ከቂሊንጦ ወዲህ የማውቃቸው አንድ አባወራ «ቫሌንሲያዬ» እያሉ እንግዳ ሁሉ ያስቀምሳሉ፤ እንግዳውም ዕንባውን እየጠረገ ያመሰግናል። የተከበሩ ሰው ስለሆኑ እስካሁን የነገራቸው የለም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የጓሮ ፍሬ በአቃቂ የምር ምክንያት አለው። በአቃቂ ወንዝ በሚለማ አትክልት ውስጥ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ በጠቅላላው ከፍሬው ይልቅ ይሰበስባቸዋል። ቆስጣ የሚገዛ ሰው የወንዙን ሽታ እያሰበ ነው የሚገዛው። በገዛ ግቢው ያበቀለውን ፍሬ የሚበላ ልጅ ያለው ሰው ቢያንስ ምን እንዳጠጣው ያውቃል። ወንዙ ዝርያ አይጠይቅም፤ ወረድ ብሎ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ እንቦጭ የሚባል ቋሚ ተክል ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ ባለሙያ፣ ያለ ሥልጠና ተንሰራፍቷል። የተሻሻለ ዝርያ አይደለም። ቢሻሻል ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

የቀረው ግዢው ነው። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆች አሉ። አንዱን ስታናግሩት ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ይሄ ሃስ ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያኛውም ሃስ ነው።»

«ቅጠላቸው አይመሳሰልም እኮ።»

«ጋሼ፣ ወንድማማች ሁሉ ይመሳሰላል?»

ልጁን አልወቅሰውም፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው፣ ያ ሰው ደግሞ ከሌላ። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ግንዱን እዩ። የተዳቀለ ችግኝ ከሥሩ ከፍ ብሎ ጠባሳ አለው፤ ከጠባሳው በላይና በታች የግንዱ ውፍረት ወይም የቅርፊቱ መልክ ይለያል። ላስቲክ የታሰረበት ሁሉ የተዳቀለ አይደለም፤ ላስቲክ ርካሽ ነው። ፉዌርቴ ነው ከተባላችሁ ቅጠሉን አሽታችሁ አሽትቱት፤ እንስላል እንስላል ይላል፤ ሃስ ይህን ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሥሩ ከላስቲኩ ወጥቶ የተጠማዘዘ ችግኝ ስሙ ምንም ይሁን ምን ይቅርባችሁ።

ችግኝ ለምታፈሉና ለምትሸጡ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየችግኙ ላይ አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ እሰሩና ሦስት ነገር ጻፉልን፦ ከላይ ያለው ማን ነው፣ ከታች ያለው ማን ነው፣ መቼ ተዳቀለ። ኤ ይሁን ቢ እኛ እናጣራለን። በእስክሪፕቶ አትጻፉት፤ ፀሐይና ዝናብ በአንድ ክረምት ያጠፉታል። በእርሳስ ጻፉት፤ እርሳስ ለዓመታት ይቆያል።